ጥያቄዎ ደርሶናል

ወይዘሮ ዘውዲ በገዛ ቤታቸው ውሃ ሲሰርቁ ተያዙ። ሲምረት ለሥራ ተነስታ የጓዳውን መብራት ስታበራ እናቷ ከጀሪካኑ አጠገብ ቁጢጥ ብለው፣ ሲኒ በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው አየቻቸው። አገጫቸው ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። «አልጠጣሁም፤ አፌን ልጉመጠመጥ ብዬ ነው» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። እናትን ውሃ ለምን ጠጣሽ ብሎ ለመቆጣት ምን ዓይነት አፍ ያስፈልጋል? ሲኒውን ልትቀበላቸው እጇን ዘረጋች፤ እሳቸው ግን ወደ ጉያቸው አስገቡት፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሱና ያበጠ እግራቸውን እየጎተቱ ወደ አልጋቸው ሄዱ። ሁለት ልጅ አሳድገው ባል የቀበሩ ሴት፣ ማር ሲልስ እንደተያዘ ሕፃን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ።

የወይዘሮ ዘውዲ ኩላሊቶች ሥራ ካቆሙ ሁለተኛ ዓመታቸው ነው። የጠጡት ውሃ መውጫ የለውም፤ መጀመሪያ እግር ላይ ይጠራቀማል፣ ከዚያ ፊት ላይ ይወጣል፣ በመጨረሻ ሳንባ ውስጥ ይገባና ሰውን ደረቅ አልጋ ላይ ያሰጥመዋል። ከኩላሊት ማጠቢያ መሣሪያ ጋር ተያይዘው ደማቸው ሲታጠብ ብቻ ነው የሚቀላቸው። ሐኪሙ በሳምንት ሦስት ጊዜ ይታጠቡ ብሎ ነበር። የግሉ ክሊኒክ ዋጋውን ሲጨምር ሦስቱ ሁለት ሆነ፤ ልጃቸው ዮሃንስ የሚተዳደርበትን ቪትዝ መኪና ሸጦ የሽያጩ ብር ሲያልቅ ደግሞ ከሰኔ ወዲህ ሁለቱ አንድ ሆነ። በሳምንት አንድ ጊዜ መታጠብ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሐኪሙ በቃሉ አልተናገረም፤ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና ድጋሚ አደረገው። የሚፈቀድላቸው የቀን ውሃ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ናት። ሲምረት ጠዋት ጠዋት ሞልታ አባቷ አቶ ፀሃዬ በሕይወት ሳሉ በገዙት ቡፌ ላይ ታስቀምጣለች። የቡፌውን ብርጭቆዎች ቆልፋባቸዋለች፤ ቁልፉ በቦርሳዋ ውስጥ ነው። ሲኒውን ግን አላሰበችውም ነበር።

ቤቱ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለ የቀበሌ ቤት ነው፤ አንድ ሳሎን፣ በመጋረጃ የተከፈለ መኝታ፣ አንድ ሰው ሲቆምባት የምትሞላ ጓዳ። ዮሃንስ ሳሎኑ ውስጥ ሶፋ ላይ ነው የሚያድረው። የሰው መኪና ተከራይቶ ሌሊት ስለሚሠራ ጠዋት የቤቱ ሰው ሁሉ በጣቱ ጫፍ ይራመዳል፤ የሚተኛ ግን አይመስልም። ድሮ ወንድምና እህት ሲሳሳቁ ጎረቤት ያማርር ነበር። አሁን በቤቱ ጠብ የለም፤ ጠብ ቢኖር እንዴት በተሻለ ነበር! ለኩላሊት የማይስማማው እንዲወጣለት ድንቹ ሁለት ጊዜ ተቀቅሎ ውሃው ሲደፋ፣ ክኒኑ ሲቆጠር፣ መጋረጃው ሲሳብ የሚሰማ ዝምታ ነው ያለው። የዚያን ቀን ጠዋት ዮሃንስ ሳይነሳ፣ ዓይኑንም ሳይገልጥ ተናገረ።

«ዛሬ ነው አይደል? አዲሶቹ ማሽኖች የሚጀምሩት።»

«ዛሬ ነው።»

«ስልኩ አልጮኸም።»

«ቀኑ መች መሸ?»

«ስሚ፣ ሲስተሙን የሠራሽው አንቺ ነሽ። አንድ ጊዜ ገብቶ የእማዬን ስም ማየት ምንድን ነው ችግሩ? ሰው ዘመድ ፍለጋ ስንት ደጅ ይጠናል፣ የኛ ዘመድ እዚሁ ቤት ትተኛለች፣ በቃ።» ብርድ ልብሱን ራሱ ላይ ሳበ። «የቅርብ ጠበል ልጥ ይራስበታል አሉ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ወሎ ሰፈር ውስጥ ደግ ሰዎች ያቋቋሙት፣ ኩላሊት በነፃ የሚያጥብ ማዕከል አለ፤ አዲሶቹ ማሽኖችም የእሱ ናቸው። ቦታው ጥቂት፣ ፈላጊው እልፍ ስለሆነ ድሮ ተራ የሚገኘው በትውውቅ ነበር ይባላል። ሲምረት የምትሠራበት ትንሽ የሶፍትዌር ቤት ይህን እንዲያስቀር ሥራ ተሰጠው፤ ሕመምተኛው በስልኩ ይመዘገባል፣ ቀድሞ የተመዘገበ ቀድሞ ይጠራል። ሲምረት በሕይወቷ የኮራችበት ሥራ ቢኖር ይህ ነው። ባለፈው መስከረም እናቷን በገዛ እጇ መዝግባ «እዚህ ዘመድ የለም፣ ሁሉም በተራው ነው» ብላ ለቤተሰቡ በኩራት አስረዳች። የሕመምተኞችን ዝርዝር ላለማየት ፈርማለች፤ አላየችምም። እንደመዘገበቻቸው ወዲያው የእናቷ ስልክ ላይ መልስ መጥቶ ነበር፤ «ጥያቄዎ ደርሶናል። ተራዎ ሲደርስ እንደውልልዎታለን።» ወይዘሮ ዘውዲ ይህን መልእክት እንደ ክታብ ያዙት። ለሚጠይቃቸው ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥተው ያሳያሉ። «እኔ እኮ ለሩፋኤል ነው የተወለድኩት» ይላሉ ደግሞ። የተወለዱት ጳጉሜ ሦስት ነው፤ ሰማይ ተከፍቶ የሰው ልመና ሳይከለከል ወደ ላይ ይወጣበታል የሚባልበት ቀን፣ ልጆች ራቁታቸውን በዝናቡ የሚጠመቁበት። «በዚያ ቀን የተወለደ ሰው ልመናው መንገድ ላይ አይቀርም።» ያን ጠዋትም ሲምረት ልትወጣ ጫማዋን ስታስር ከመጋረጃው ወዲያ ድምፃቸው መጣ፤ «ለሩፋኤል ዝናቡን አፌን ከፍቼ ነው የምቆምለት። እሱን እንኳ አትከልክሉኝ።»

ነሐሴ እያለቀ ነው። ከካዛንቺስ የቀረው ካዛንቺስ በጭቃና በአዲስ አስፋልት ተከፋፍሏል፤ ሲምረት ሥጋ ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ የሰፈር ፑል ቤት ታውቅበት በነበረው በኩል አሁን ሰፊ መንገድ፣ የብስክሌት መስመርና ገና ያልያዙ ዘንባባዎች አሉ። መሥሪያ ቤቷ ካልፈረሱት ሕንፃዎች በአንዱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ አይሠራም። ከጎኗ የምትቀመጠው ሰብሪና ሥራዋ መፈተሽ ነው፤ ሌሎች የሠሩትን እየነካካች የሚሰበረውን ትፈልጋለች፣ ስታገኝም እንደ ልደት ስጦታ ትደሰታለች። ሲምረት ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ «ዛሬ የሕመምተኞቹን ሊስት ልከፍተው ነው» አለቻት። ሰብሪና ፊቷን አይታ ወንበሯን አስጠጋች፤ ምክንያቱን አልጠየቀችም።

ስልክ ወደ ሰርቨር፣ መረጃው ወደሚጠራቀምበት ዋና ኮምፒውተር፣ የሚልከው መልእክት ከፖስታ አይለይም፤ ላዩ ላይ ከማን ለማን እንደሆነ ተጽፏል፣ ውስጡ ዝርዝሩ አለ። የሲምረት ሥራ ፖስታውን ከፍቶ የመጣውን ጽሑፍ ፕሮግራሙ በሚገባው መልክ የሚፈታ፣ ከዚያ መልሱን አሽጎ የሚልክ ኮድ መጻፍ ነበር። መልስ ሁሉ በቁጥር ይጀምራል። ሁለት መቶ ከሆነ እሺ፣ ተሳክቷል፤ አራት መቶ ከሆነ የላክኸው አልገባኝም፤ አምስት መቶ ከሆነ ጥፋቱ የእኔ ነው። ማሽን ጥፋቱን ለማመን ሽማግሌ አይፈልግም። ሰው ነው የሚያበላሸው። በሙከራው ሰሞን አንድ አዛውንት ቁጥር ተሳስተው ቀይ ጽሑፍ ሲመጣባቸው ማዕከሉ አልቀበልም ያላቸው መስሏቸው ደጃፉ ላይ አለቀሱ። የሲምረት መሥሪያ ቤት ሥራ አስኪያጅ ሔኖክ ልቡ ተነካ፤ ክፉ ሰው አይደለም። «ከዛሬ ጀምሮ ሕመምተኛ ቀይ ጽሑፍ አይይ» አለ። «ምንም ይምጣ ምን፣ ሪስፖንሱ ሁለት መቶ ይሁን፤ ደርሶናል በሉ። ያልተፈታውን ወደ ጎን አስቀምጡት፣ ሰው እያየ ይደውልላቸዋል። እሺ ይበልጣል ከሺ!» ሁሉም ሳቀ፤ ሲምረትም ስቃ ጻፈችው። የሚደውለው ሰው በጀት ሲመጣ ሊቀጠር ነበር። በጀቱ መጣና አሁን እሷና ሰብሪና የተቀመጡባቸው ተሽከርካሪ ወንበሮች ተገዙበት።

ሲምረት የእናቷን ስም ጻፈች። ምንም የለም። ስልክ ቁጥሩን ጻፈች፤ የለም። ከመስከረም ወዲህ የተመዘገበውን ሰው ሁሉ ከላይ እስከ ታች አወረደችው፤ ዛሬ ጠዋት የተጠሩትን፣ ገና የሚጠብቁትን፣ ተራቸው ሳይደርስ የሞቱትንም። እናቷ ከሞቱት ጋር እንኳ የሉም። ያኔ ነው ወደ ጎን ስለተቀመጡት ያስታወሰችው። ስትከፍታቸው ብዙ አልነበሩም፤ ከመካከላቸው አንዱ «ዘውዲ» ይላል። በገዛ እጇ የሞላችው፣ አንድ ፊደል ያልጎደለው፣ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ጥያቄ፣ ፖስታው ሳይፈታ ቁጭ ብሏል።

ሰብሪና በጣቷ ስክሪኑን እየነካች አንድ በአንድ ወረደች። የተለያየ ሰፈር፣ የተለያየ ዕድሜ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለበት። ከዚያ ጣቷ ቆመ።

«ሲሙ፣ ሁሉም እኮ ጳጉሜ የተወለዱ ናቸው።»

ሲምረት ኮዱን መክፈት አላስፈለጋትም፤ ዓይኗን ጨፍናም ይታያት ነበር። ቀኑን የሚፈታውን ክፍል ከውጭ የተሠራ፣ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት ተብሎ የወሰደችው ነው፤ በእሱ ዘንድ ወር ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ነው። የዓመቱን ቁጥር ወደ እኛ አቆጣጠር አስተካክላ፣ የወሩን ጣሪያ ግን ሳታየው አልፋዋለች። ስልኩ ላይ ወራቱ አሥራ ሦስት ሆነው በአማርኛ ተሰድረው ይታያሉ፤ እሷም በዚያ በኩል ጳጉሜን ራሷ መርጣለች። ሰርቨሩ አሥራ ሦስት ሲደርሰው እንዲህ ያለ ወር የለም አለና ፖስታውን ጣለው፤ ከዚያ በታዘዘው መሠረት ደርሶናል ብሎ መለሰ። ሲፈትሹት ሁሉም በየራሳቸው ልደት ነበር የፈተሹት፣ ከመሥሪያ ቤቱ ሰው አንድም የጳጉሜ ልጅ አልነበረም። በየዓመቱ ለሩፋኤል ዳቦ የሚቆረስበት ቤት ያደገችው ሲምረት ናት። ከሁሉም በላይ ያንገበገባት ይህ ነው፤ የማታውቀውን አልነበረም የሳተችው።

ጥያቄዎቹ ላይ ስልክ ቁጥር አለ። ለምን እንደሆነ ሳታውቅ፣ ምናልባት ከእናቷ ውጭ ያለ አንድ ሰው በሕይወት መኖሩን ለመስማት፣ ሙሐሲን የሚለው ስም ላይ ያለውን ደወለች። ወጣት ሴት አነሳች።

«ሄሎ፣ ከማዕከሉ ነው የምደውለው። የአቶ ሙሐሲን ስልክ ነው?»

«ልጁ ነኝ።» ከጀርባዋ የልብስ ስፌት መኪና ይሰማል፤ ድምፁ ቆመ። «አባቴ በረመዳን ወደ አኼራ ሄደ።»

«አላህ ይማረው» አለች ሲምረት።

«ደርሶናል የሚለውን ቴክስት እስከ መጨረሻው አላጠፋውም ነበር» አለች ልጅቱ፣ ያለ ቁጣ። «ሌላ ቦታ እንሞክር ስንለው ተራዬን አጣለሁ ብሎ እንቢ አለን። አሁን ተራው ደርሶ ነው የደወላችሁት?»

«አይ... ማለቴ፣ ለማጣራት ነው» አለች ሲምረት። ስልኩ ሲዘጋ ሰብሪና ሻርፗን አፏ ላይ ይዛ ታለቅስ ነበር። ሲምረት ግን ዕንባ አልመጣላትም፤ ተነስታ ወደ ሔኖክ ክፍል ገባች።

ሔኖክ ነገሩን ሲሰማ በሩን ዘጋ፤ ማኪያቶውን ገፋ አደረገ። ባለፈው ፋሲካ ለሲምረት እናት ከሠራተኛው ገንዘብ ያሰባሰበው እሱ ነው፤ ከሁሉም በላይ ያዋጣውም እሱ ነው። «ማን አየው? አንቺና ሰብሪና ብቻ? በቃ፣ ከዚህ ክፍል አይውጣ» አለ። «ኮዱን አስተካክይው። ማዕከሉ ከሰማ ኮንትራቱ አለቀ፣ ይሄ ሁሉ ልጅ ሥራ ይፈታል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ የእውነት አዝኗል። «ስሚ ሲምረት፣ እኔም እናት አለችኝ። ዛሬ ከተጠሩት መጨረሻ ላይ ያለውን አንድ ስም ዝቅ አድርጊና እናትሽን አስገቢያት። ተራዋ እኮ ነው፣ ሌብነት አይደለም። ማንም አያይም።»

ወደ ወንበሯ ተመልሳ አሥራ ሁለቱን አሥራ ሦስት አደረገችው። ሥራው ይህ ብቻ ነበር፤ የአንድ ሰው ስም እስኪጠራ ድረስ እንኳ አይፈጅም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። የተጣሉት ፖስታዎች ተራ በተራ ተፈቱ፣ እያንዳንዳቸው በተመዘገቡበት ቀን ቦታቸውን ያዙ፤ ሙሐሲንም ያዘ። ወይዘሮ ዘውዲ ዛሬ ከተጠሩት ሰዎች ከግማሾቹ በላይ ወጡ። ጥያቄያቸው በጊዜው ተፈትቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ጠዋት ስልኩ ይጮህ ነበር፣ ዮሃንስ ከሶፋው ይዘል ነበር። በምትካቸው የገባው፣ የመጨረሻው ስም፣ ካሳይ ይላል። ሲምረት ጠቋሚውን ስሙ ላይ አድርጋ ቆየች። ሔኖክ እውነቱን ነው፤ ተራው የእናቷ ነው። ግን ምናልባት አልመጣ ይሆናል ብላ አሰበች፤ ከተጠሩት መሀል ከከተማ የወጣ፣ ስልኩ የጠፋ፣ ያረፈ አይጠፋም። ባዶ አልጋ ካለ ማንንም ሳትነቅል እናቷን ታስገባለች። ይህን ተስፋ ይዛ ጃንጥላዋን ሳትይዝ ወደ ማዕከሉ ወጣች።

ታክሲው መስቀል አደባባይ ላይ ተጨናንቆ ቆመ። ዝናቡ መስኮቱን ይገርፈዋል፤ አጠገቧ የተቀመጠ ልጅ ከትልቅ ጠርሙስ ውሃ ያንቆረቁራል፣ ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ ፊቱን ለዝናብ ሰጥቷል። ከተማው ሁሉ ውሃ ነው። ሲምረት ልጁ ውሃውን ሲውጥ ጉሮሮውን እያየች እናቷን አስታወሰች፤ አጮልቃ ስታየው የቆየች ይመስል አፈረችና ዓይኗን መለሰች። የወሎ ሰፈር መታጠፊያ ላይ ወርዳ ማዕከሉ ድረስ ሮጠች።

አዲሱ ክፍል ገና የቀለም ሽታ አለው። ከማሽኖቹ ላይ ፕላስቲኩ ሙሉ በሙሉ አልተላጠም። ሲምረት በሩ ላይ ቆማ አልጋዎቹን በዓይኗ ዞረቻቸው፤ አንድም ባዶ የለም። የማዕከሉ ኃላፊ ሲስተር መድኃኒት ከሩቅ አይታት እጇን ዘርግታ መጣች። «እንኳን መጣሽ! ነይ፣ ነይ! እዩዋት» ብላ ጎትታ ወደ ውስጥ አስገባቻት። «ሲስተሙን የሠራችው ልጅ ይቺ ናት!» ሕመምተኞቹ ከየትራሳቸው ቀና አሉ። ከመጨረሻው አልጋ ላይ ፊቱ ያባበጠ፣ ጣቶቹ ላይ የጠመኔ ስንጥቅ ያለበት ወጣት መምህር ነጻ የሆነውን እጁን ዘረጋላት። ሚስቱ እርጉዝ ናት፤ ከእግሩ በኩል ቆማለች።

«ካሳይ እባላለሁ። አንቺ ነሽ?» እጇን አልለቀቀም። «እኛ እዚህ አገር ዘመድ የለንም። ሰው ሁሉ ያለ ሰው አትድከሙ ሲለን ነበር። ዛሬ ጠዋት ሲደወል ሚስቴ ሰው እያሾፈ ነው ብላ ዘጋችው እኮ! ያለ ማንም ጠሩን። እግዚአብሔር ለእናትሽ ያቆይሽ።»

ሲምረት «አሜን» አለች። ሌላ ምን ትበል? ሲስተር መድኃኒትን ወደ ኮሪደሩ ስባ አወጣቻትና ሁሉንም ነገረቻት፤ አሥራ ሦስተኛውን ወር፣ የተጣሉትን ፖስታዎች፣ ሙሐሲንን፣ እናቷን። ሔኖክ አይውጣ ያለውን ሁሉ አወጣችው። ሲስተሯ ግድግዳውን ተደግፋ ሰማች። ሲያልቅ አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣት ለሲምረት ይቀላት ነበር።

«የኔ እህት፣ ማንን ላስነሳ?» አለች በመጨረሻ። «ንገሪኝ፣ አንቺ ምረጪና ላስነሳ። የጀመረን ሰው ማቋረጥ መግደል ነው። እናትሽ አሁን ከሚጠብቁት የመጀመሪያዋ ናት፣ ይሄን ቃል እገባልሻለሁ። ግን እዚህ ቦታ የሚለቀቀው በሁለት ነገር ነው፤ ወይ ማሽን ሲመጣ፣ ወይ ሰው ሲሞት። ማሽን ደግሞ አሁን መጣ።»

«በሳምንት አንዴ ነው የምትታጠበው። ምን ያህል ትቆያለች?»

ሲስተር መድኃኒት የሲምረትን የአንገት ልብስ እንዳልተስተካከለ ሁሉ አስተካከለችላት። ከውስጥ የማሽኖቹ ድምፅ ይሰማል፤ የካሳይ ሚስት በስልክ ለአንድ ሰው «አዎ፣ ተኝቷል፣ እየታጠበ ነው» እያለች ትስቃለች። ሲምረት ሳቁን ስትሰማ ሰው እንዲሞት መጠበቅ እንደጀመረች ገባት፤ ከዛሬ ጀምሮ ስልክ በጮኸ ቁጥር ደስ የሚላት እዚህ ከተኙት የአንዱ ቤት ሐዘን ቤት ሲሆን ነው። ራሷን ተጸየፈችው፤ ግን መጠበቋን አላቆመችም።

ወደ ቤት ስትሄድ በእግሯ ነው የሄደችው። የምትላቸውን ሁሉ በመንገዱ ላይ ስታዘጋጅ ቆየች። እውነቱን ትናገራለች፤ ዮሃንስ ይጮኻል፣ ይጩህ፣ መብቱ ነው። እናቷ ያንን መልእክት ከስልኩ ላይ ያጥፉት። የክሊኒኩን ደጅ ይጠናሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ጨርቅ ዘርግተው ይለምናሉ፣ የሚደረገው ይደረጋል። ቂርቆስ ደጃፍ ስትደርስ ተሳልማ ለመለመን ሞከረች፤ የምትለምነው የሌላ ሰው ሞት መሆኑ ትዝ ሲላት አቋርጣ አለፈች።

ወይዘሮ ዘውዲ ከመኝታቸው ወጥተው ሳሎን ተቀምጠዋል። ፀጉራቸውን አበጥረው ንጹሑን ነጠላ ለብሰዋል። ስልኩን ቡፌው ላይ፣ ከአቶ ፀሃዬ ፎቶግራፍ ፊት አድርገውታል። ዮሃንስ ዛሬ ወደ ሥራ አልወጣም፤ እግራቸው ሥር ዱካ ላይ ተቀምጦ ያበጠውን ቁርጭምጭሚት ያሻል። ጣቱን ባነሳ ቁጥር ሥጋው ላይ ጉድጓድ ይቀራል፤ ቀስ ብሎ ይሞላል። ሁለቱም እሷን አዩ። ከጫማዋ ጀምሮ እስከ ፀጉሯ በስብሳለች።

«አየሽው?» አለ ዮሃንስ።

«አየሁት።»

«እሺ? ምን ይላል?»

እናቷ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣምረው፣ ፍርድ እንደሚሰማ ሰው ወደፊት ዘንበል ብለዋል። ትንፋሻቸው አጥሯል፤ ከደረታቸው ውስጥ የውሃ ድምፅ ይሰማል። ሲምረት መንገድ ላይ ያሰናዳችውን ሁሉ ተወችው።

«ስምሽ አለ፣ እማዬ» አለች። «ደርሷቸዋል። የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ። ይደውላሉ።»

አንድም ሐሰት አልነበረበትም፤ እንደ ሰርቨሩ መልስ ሁሉም እሺ ነው። ዮሃንስ የእናቱን እግር እንደያዘ ግንባሩን ጉልበታቸው ላይ ደፋ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ቀና ሲል እህቱን በብዙ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አያት። «ጠዋት ለተናገርኩሽ ይቅርታ፣ ሲሙ» አለ። «በቃ፣ ጨንቆኝ ነው።» ተነስቶ ፎጣ አመጣላትና ፀጉሯን ራሱ ማድረቅ ጀመረ፤ ድሮ ከትምህርት ቤት በዝናብ ሲመለሱ እንደሚያደርገው። ሲምረት ፎጣው ውስጥ ዓይኗን ጨፍና ቆመች። ያኔ ብትናገር ኖሮ ሌላ መላ ለመፈለግ ምናልባት ጊዜ ነበር።

«እኔ ምን አልኳችሁ?» አሉ ወይዘሮ ዘውዲ። ፊታቸው በእብጠቱ ውስጥ በርቶ ነበር። «የሩፋኤል ልጅ እኮ ነኝ። ልመናዬ መንገድ ላይ አይቀርም።» ከዚያ እጃቸውን ወደ ጉያቸው ሰደዱ፤ ከነጠላው እጥፋት ውስጥ ሲኒውን አውጥተው ለሲምረት ዘረጉላት። «እንኪ፣ ውሰጂው። ከእንግዲህ አልሰርቅም። ሲደውሉ እግሬ አብጦ እንዳያገኙኝ።»

ሲምረት ሲኒውን ተቀበለች። ውስጡ ገና እርጥብ ነበር።